ከሽቱትጋርት ተሰሎንቄ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ

ተሰሎንቄ፣ ማርች 2 ቀን 2001

ለዘመዴ ለስተርዮስ፣

ይህ ደብዳቤ አንተንም ባለቤትህን ሬናንም በጤና ያግኛችሁ። እኔ ዝናብ ሲመጣ ዳሌዬ ቀድሞ ከሚነግረኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው።

ለምን አትደውልም ትል ይሆናል። በስልክ የተባለ ነገር እንደ ጉም ነው፤ ደብዳቤን ግን መነጽሬን አድርጌ ደግሜ ላነበው እችላለሁ። በስልሳ ሰባት ዓመቴ ደግሜ የማነበው ነገር ይሻለኛል።

ወንድሜ ፓስካሊስ እናንተ ዘንድ ካረፈ ባለፈው ወር አራት ዓመት ሞላው። ያን ጊዜ እኔ ዳሌዬ ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ አንተ አስታመምከው፣ አንተ ቀበርከው። የእኔና የአንተ ዝምድና አያቶቻችን ወንድማማቾች ከመሆናቸው አያልፍም፤ ያደረግህልኝ ግን ከእናት ልጅ በላይ ነው። ይህን አልረሳም።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዐፅም እስኪወጣ የሚጠበቀው ሦስት ዓመት አልፏል፤ አፈሩ የሚወስደውን ወስዷል። እንደ ወጋችን ዐፅሙ ወጥቶ፣ በወይን ታጥቦ፣ ከአባትና ከእናታችን ጋር ይቀመጥ። ሣጥኖቻቸው በካላማሪያ መቃብር፣ በዐፅም ቤቱ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። በስተቀኝ ያለውን ቦታ ለእሱ አስይዣለሁ። አስወጥተህ አምጣልኝ። ከፋሲካ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ካልተቻለም ከፋሲካ ማግስት።

እህትህ ቶማይ

---

ሽቱትጋርት፣ አፕሪል 9 ቀን 2001

ለተከበሩ እትዬ ቶማይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እጅ እነሣለሁ፤ ሬናም ጉልበትዎን ትስማለች። መጪው ፋሲካ የብርሃን ይሁንልዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው።

ስለ ፓስካሊስ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን እትዬ፣ እዚህ አገር መቃብር እንደ እኛ አይከፈትም። አንዴ የተቀበረን ለማውጣት የጤና ቢሮው፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የመቃብሩ አስተዳደር ሁሉም መፍቀድ አለባቸው፤ አንዱ ቢሰጥ ሌላው ይከለክላል። ቢፈቀድ እንኳ መንገዱን ያስቡት። ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ኦስትሪያ፣ ስሎቬኒያ፣ ክሮኤሺያ፣ ሰርቢያ፣ ስኮፕዬ፤ በየድንበሩ መኪና ይፈተሻል፣ ሣጥን ይከፈታል። አንዱ ፖሊስ የወንድምዎን ዐፅም በባትሪ እያበራ ሲያገላብጠው ይታይዎት! እኔ ይህን በዓይኔ ማየት አልፈልግም።

የተኛበት ቦታ ጸጥ ያለ ነው፤ ዛፍም አለው። እሑድ እሑድ ሻማ አበራለታለሁ። ለጊዜው እዚያው ይረፍ እላለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ ስተርዮስ

---

ተሰሎንቄ፣ አፕሪል 27 ቀን 2001

ስተርዮስ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል! በዓሉ ለቤትህ በረከት ያምጣ። እኔ እንቁላሉን ቀይ አቅልሜ ብቻዬን በላሁት፤ ምንም አልጎደለብኝም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ኮቴን ደርቤ ወደ ማርያንቲ ሄድኩ። ማርያንቲ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ጀርመንኛ ተምራለች፣ አሁን የጉዞ ትኬት የሚሸጥበት ቢሮ ትሠራለች።

«ማርያንቲ፣ ከሽቱትጋርት እዚህ ምን ያህል ነው?» አልኳት።

«በምን ሊመጡ ነው?»

«ሰው በሚመጣበት።»

«በአውሮፕላን ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እትዬ። ሁለት ሰዓት ከሩብ። ስንት ሰው ነው የሚመጣብዎት?»

«አንድ። እሱም መቀመጫ አይፈልግም» ብላት ደነገጠች።

ወረቀቱን አሳየችኝ። ከእናንተ ጠዋት አራት ሰዓት ይነሣል፣ እኛ ዘንድ ሰባት ሰዓት ከሩብ ይደርሳል። «ይኸማ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ አንቺም ልታታልይኝ ነው?» አልኳት። «አንዱ ሰዓት የሰዓት ልዩነት ነው፤ እነሱ ከእኛ ወደኋላ ናቸው» አለችኝ። «እና አንዷን ሰዓት ማን ይበላታል?» ብላት፣ «ማንም አይበላትም፣ ሲመለሱ ያገኟታል» ብላ ሳቀች።

ስለዚህ ስተርዮስ፣ ስድስት ድንበርህን ለራስህ ያዝ። እኔ ወንድሜን በጭነት መኪና ጫንልኝ አላልኩም። ጠዋት ቁርስህን በልተህ ብትነሣ ለምሳ እኔ ዘንድ ነህ። አንተም ይህን ታውቃለህ፤ በየዓመቱ ለዕረፍት በአውሮፕላን እየበረርክ ሃልኪዲኪ ባሕር ልትዋኝ ትመጣለህ።

ሁለት ነገር ላክልኝ። የመቃብሩን ቁጥርና ፎቶግራፉን። አንድ ነገር ደግሞ ንገረኝ፤ ፍትሐቱን ያደረሰለት ቄስ ማን ይባላል?

ቶማይ

---

ሽቱትጋርት፣ ጁን 18 ቀን 2001

ለተከበሩ እትዬ ቶማይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ወገቤን አሞኝ ስለነበር ዘገየሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የጠየቁኝን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። ቁጥሩ 214 ነው። አበባውን ሬና ናት የተከለችው።

ስለ ፈቃዱ እየጠየቅሁ ነው። የዕረፍት ወቅት ስለሆነ ቢሮዎቹ ግማሾቹ ዝግ ናቸው። ዘንድሮ ሃልኪዲኪ አንመጣም።

ስተርዮስ

---

ተሰሎንቄ፣ ጁላይ 3 ቀን 2001

ስተርዮስ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፣ ወገብህንም ይማርልህ።

የቄሱን ስም ረስተኸዋል። ደብዳቤህን ገልብጬ ከጀርባው ሳይቀር ፈለግሁት።

ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር አየሁት። ድንጋዩ አጠገብ አንድ የአትክልት ማጠጫ ቆሟል። የእኔ ቤት ማጠጫም ያው ዓይነት ስለሆነ ከበረንዳ አምጥቼ ለካሁት። የወንድሜ ድንጋይ ከማጠጫ አይበልጥም! አበባ የተተከለበት አፈር ደግሞ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ስም ይጀምራል። ፓስካሊስ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። ይህ የሕፃን መቃብር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የማላስበው ነገር የለም። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል እላለሁ። አንዳንዴም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አልሞተም እላለሁ፤ ከአንዲት ጀርመናዊት ጋር አንድ ቤት ተቀምጦ የእኔን ደብዳቤ እያነበብክለት ትስቃላችሁ እላለሁ። ሬሳውን ያየሁ እኔ አይደለሁም። ሞተ ያልከኝ አንተ ነህ፣ ያውም ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ያውም በስልክ።

እናታችንን ባወጣሁ ጊዜም ብቻዬን ነበርኩ። ሰባ ሦስት ሰው ለቀብር መጥቶ ለዐፅሟ አንድም አልመጣም። ፓስካሊስ ባቡሩ አመለጠኝ፣ መንገዱ ሁለት ሌሊት ይፈጃል ብሎ ቴሌግራም ላከ። ያን ዕለት ከመቃብር ቆፋሪው ጋር ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝም። እሱን ግን አልተቀየምኩትም፤ ሩቅ ነበር። ዛሬ አንተ ሩቅ ነው ስትለኝ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

እውነቱን ጻፍልኝ። ካልጻፍክ የደብራችን ቄስ፣ ቄስ ያኮቮስ፣ እዚያ ላሉት ቄስ ደብዳቤ ይጽፉልኛል።

ቶማይ

---

ተሰሎንቄ፣ ኦገስት 20 ቀን 2001

ስተርዮስ፣

ሰባት ሳምንት ሆነ። ደብዳቤ በአምስት ቀን እንደሚደርስ ፖስታ ቤቱ ነግሮኛል። ሰላምታም አልጽፍልህም። በሕይወቴ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ እንደማልወጣ ግን አትተማመን።

ቶማይ

---

ሽቱትጋርት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2001

እትዬ ቶማይ፣

ተቀምጠው ያንብቡት።

የማመጣልዎ ዐፅም የለም። ፓስካሊስ ተቃጥሏል። እዚያ ከድንጋዩ በታች ያለው አመድ ነው፣ ድንጋዩም ያነሰው ለዚህ ነው። ቄስ አልነበረም፤ ለሚቃጠል ሰው ቄስ እንደማይመጣ እርስዎም ያውቃሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ያለ የአገራችን ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። «ስተርዮስ ጀርመንኛ ያነባል» ይላሉ። እኔም ደስ እያለኝ እቀበላለሁ። የማነበው ግን ግማሹን ነው፤ ግማሹን እገምታለሁ። ፓስካሊስ በሞተ ማግስት ቢሮው ሄድኩ። ዝናብ ነበር። ወንበሮቹ አረንጓዴ ነበሩ። ጸሐፊው የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ቡናማ ክራቫት ያሰረ ሰው ነበር። ወረቀቱን አቀረበልኝ፣ በጣቱ አሳየኝ፣ እኔም ፈረምኩ። መቀበር የሚል መስሎኝ ማቃጠል የሚለው ላይ ፈርሜያለሁ። ሳውቀው ረፍዶ ነበር።

ለእርስዎ መንገር አቃተኝ። አንድ ቀን ዋሸሁ፣ ከዚያ ውሸቱን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። ቢረግሙኝም እቀበላለሁ።

ስተርዮስ

---

ተሰሎንቄ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2001

ስተርዮስ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን በጠና ረገምኩህ። ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ወንድሜን እንደ እንጨት ማገድህ አንሶ፣ እኔን አራት ዓመት በየፌብሩዋሪው የመታሰቢያውን ንፍሮ ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንድቆም አደረግኸኝ። እንዲህ አልኩ፣ አለቀስኩ፣ የአንተንና የሬናን የሠርግ ፎቶግራፍ ከግድግዳ አወረድኩ።

በአራተኛው ቀን መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አነበብኩት።

ስተርዮስ፣ አንተ የራስህን የልደት ቀን የምትረሳ ሰው ነህ። የቄስ ስም ስጠይቅህ ትረሳለህ። እንዴት ሆኖ ነው ያን ዕለት የወንበሩን ቀለም፣ የሰውየውን ክራቫት፣ የአፉን ጥርስ የምታስታውሰው? እውነት ይህን ያህል ጌጥ አያበዛም። እናቴ ነገሯ ሲያምር «ይኼማ ውሸት መሆን አለበት» ትል ነበር።

ማርያንቲን ይዤ በጀርመንኛ ለመቃብሩ ቢሮ አስጻፍኩ፤ እህቱ ነኝ፣ ወረቀቱን ላኩልኝ አልኩ። መታወቂያዬን ጠየቁ፣ ላክሁ። ትናንት ቅጂው መጣ።

ማርያንቲ ማንበብ ጀምራ ወደ ላይኛው መስመር ተመለሰች። «ምን ይላል?» አልኳት።

«እትዬ፣ ወንድምዎ የሞቱት መቼ ነው?»

«በዘጠና ሰባት፣ ፌብሩዋሪ አሥራ ሰባት።»

«ይህ የተፈረመው በዘጠና ስድስት ሴፕቴምበር ነው።»

ነጠቅኋት። ከታች ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የአንተ ነው፣ ምስክር ይላል አለችኝ። ሌላውን ማንም እንዲያነብልኝ አላስፈለገኝም። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል የግራ እግሯን ወደ ውስጥ ያጥፋታል፤ አባታችን በዚያች ጥፋት ጣቶቹን ይመታው ነበር፣ እሱ ግን ሳይተዋት ሞተ።

ሁለት ጊዜ ዋሽተኸኛል። የመጀመሪያው ውሸትህ ገብቶኛል፤ ሰው ጥፋቱን ይሸሽጋል። ሁለተኛው ግን አልገባኝም። ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ለምን ይሸከማል? ወንድሜን ምን አድርጋችሁት ነው ራሱን ለእሳት የሰጠው? ማን አስገደደው?

ቶማይ

---

ሽቱትጋርት፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2001

እትዬ ቶማይ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ፓስካሊስ አስምሎኝ ነበር። መሐላዬን አፈርሳለሁ፤ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን።

ሐኪሙ ስለ ሳንባው የነገረው በዚያ ኦገስት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለልኝና፣ «ና ምስክር ሁነኝ» አለ።

«ለምኑ?»

«ለቤት ኪራይ ውል። ረጅም ውል ነው» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ወንበሮቹ አረንጓዴ አይሁኑ ሰማያዊ አላስታውስም። ወረቀቱን ግን አነበብኩት፤ እሳት የሚለውን ቃል ለማንበብ ጀርመንኛዬ ይበቃል። እዚያው ፊቱ ላይ ልጮህበት ፈለግሁ። እሱ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «ፈርም፣ ውጭ እንነጋገራለን» አለኝ። ፈረምኩ። ውጭ ወጣን።

«አብደሃል?» አልኩት። «ቶማይ ምን ትላለች?»

«ቶማይ አትሰማም።»

«እንዴት አትሰማም! ሦስት ዓመት ሲሞላህ ዐፅሙን አምጣ ትለኛለች!»

«ያኔ መንገዱ ሩቅ ነው በላት። እኔም ያልኳት እሱን ነው።»

ያኔ ነው የነገረኝ። እናታችሁ በምትወጣበት ጊዜ፣ በሰማንያ አራት፣ ባቡር አላመለጠውም። የባቡር ትኬትም አልቆረጠም። የአውሮፕላን ትኬት ነበረው። ሁለት ሰዓት ከሩብ። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄዷል። ሻንጣው በእግሩ ሥር ሆኖ ስሙን በድምጽ ማጉያ ሲጠሩት ተቀምጦ ሰማ። ሁለተኛ ጠሩት። ሦስተኛ ጠሩት። አልተነሣም። አውሮፕላኑ ሲነሣ በመስኮት አየው፣ ከዚያ ከዚያው ሕንፃ ቴሌግራሙን ላከልዎ።

«መብረሩን ፈርተህ ነው?» አልኩት።

«መብረሩን አይደለም። እናቴን በዚያ መልክ ማየት ፈራሁ። ቶማይ ትችላለች ብዬ ለቶማይ ተውኩላት። እሷ ደግሞ ምን አገኘች? ሥጋዋ አልፈረሰም ነበር፣ ስተርዮስ። በተቀበረች በሦስት ዓመቷ እናቴ እናቴን ትመስል ነበር። ቶማይ ከቆፋሪው ጋር ሁለቱ ብቻ ሆነው መልሰው ቀበሯት። የሰፈሩ ሴቶች ‹ምን ኃጢአት ሠርታ ነው አፈር ያልበላት› አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ብቻዋን ቆማ አስቆፈረች። ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ አንድ የወቀሳ ቃል ግን አልጻፈችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያም «የእኔ ደረት በመድኃኒት ተሞልቷል። እንደማልፈርስ ይሰማኛል። ሦስተኛ ጊዜ እዚያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ አላቆማትም። አመድን ማንም ዳግመኛ አይቆፍረውም» አለ።

ማንም አላስገደደውም፣ እትዬ። እኔ ጥፋቱን በራሴ ላይ የወሰድኩት፣ እኔን ቢጠሉኝ አንድ ሩቅ ዘመድ ነው የሚጎድልብዎት ብዬ ነው። እሱን ቢጠሉት ግን ማን ይቀርዎታል?

ስተርዮስ

---

ተሰሎንቄ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2002

ለስተርዮስና ለሬና፣

አዲሱ ዓመት ደህና ይሁንላችሁ። በገና የላካችሁት ካርድ ደርሶኛል። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ልቀጣህ አይደለም፤ ለማን እንደምቆጣ እስካውቅ ነው።

ለቄስ ያኮቮስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጺማቸውን አሻሹና፣ «ቶማይ፣ ስሙን መቅደስ ውስጥ ልጠራው አልችልም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም። አንቺ ስትጠሪው ግን ጆሮዬን አልደፍንም» አሉኝ። ብዙ ቄሶች ከዚህ ያነሰ ይሰጣሉ።

ትኬት ቆርጫለሁ። ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 16 ከዚህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይነሣል፣ በእናንተ ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይደርሳል። እሑድ አምስተኛ ዓመቱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ና። ሻንጣዬን ያዝልኝ። በመኪና ውስጥ ሙዚቃ አትክፈት፣ የምታውቀውንም ሁሉ አትንገረኝ፤ ስጠይቅህ ብቻ ተናገር።

የሠርግ ፎቶግራፋችሁን መልሼ ሰቅየዋለሁ። ትንሽ ዘሟል።

ቶማይ

---

ተሰሎንቄ፣ ማርች 1 ቀን 2002

ለወንድሜ ለስተርዮስ፣

በሰላም ገባሁ። ሬናን ስለ አልጋውም ስለ ሾርባውም አመስግንልኝ። ያስቸገርኳት እንደሆነ ይቅር ትበለኝ፤ በሰው ቤት ድስት ከፍቶ ማሽተት የድሮ አመሌ ነው።

ስለ በረራው ጠይቀኸኝ መልስ አልሰጠሁህም ነበር። ስንነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ከእግሬ በታች በረዶ የለበሰ ተራራ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ሳያጋምስ ወረድን አሉ። ለዚህ ነው እንዴ? አልኩ። ሠላሳ ዓመት የፈራነው፣ የዋሸንበት፣ የተኮራረፍንበት መንገድ ይህ ነው? ቢረዝም ደስ ባለኝ። እስከ ዓለም ዳርቻ ቢሆን ኖሮ ወንድሜን ይቅር ማለት ይቀለኝ ነበር።

መቃብሩ ላይ ስላደረግሁት አፍሬያለሁ። ለጸሎት ነበር የመጣሁት፤ ሻማም ይዤ ነበር። ያቺን ማጠጫ የምታክል ድንጋይ ሳያት ግን ደሜ ፈላ። «ፈሪ!» ያልኩት ትዝ ይለኛል። «ሦስቴ ሲጠሩህ ለምን አልተነሣህም? እናትህ እኮ አትነክስህም ነበር! እኔ ሴቷ ቆሜ ያየሁትን አንተ ወንዱ ከወንበር መነሣት ያቅትሃል?» ያልኩትም ትዝ ይለኛል። የቀረውን አላስታውስም። ድምፄ እስከ ሐሙስ ተዘግቶ ነበር። አንተ ከኋላዬ ኮፍያህን ይዘህ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ መቆምህን አይቻለሁ፤ ዝም በማለትህ አመሰግንሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከአጠገባችን የባሏን መቃብር በጥድ ቅርንጫፍ ስታለብስ የነበረችው አሮጊት ጀርመናዊት፣ ሐምራዊ ኮፍያ ያደረገችው፣ እኔ ጩኸቴን ስጨርስ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች። እኔ አፍ አፏን ስመለከት ነበር። ፓስካሊስ የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ ጠራች። «ምን ትላለች?» ስልህ፣ አንተ ወደ ዛፉ ዞረህ «እግዚአብሔር ያጽናሽ ትላለች» አልከኝ።

ስተርዮስ፣ ጀርመኖች እግዚአብሔር ያጽናሽ ለማለት ይህን ያህል ቃል አይፈጅባቸውም። ማርያንቲን ጠይቄያለሁ፤ ሁለት ቃል ነው። አሁንም ሸሽገኸኛል። ያለችውን ሁሉ፣ ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፍልኝ። ከዚህ የባሰ ክፉ አይቻለሁ።

እህትህ ቶማይ

---

ሽቱትጋርት፣ ማርች 7 ቀን 2002

ለእህቴ ለእትዬ ቶማይ፣

በሰላም በመግባትዎ ደስ ብሎናል። ሬና ድስቷን ማንም እንደ እርስዎ ከፍቶ ያመሰገነላት የለም ትላለች።

ልክ ነዎት፣ አሳጥሬዋለሁ። ለመዋሸት አልነበረም። መተርጎም ብጀምር ድምፄ እንደሚከዳኝ ስላወቅሁ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ያን ዕለት የሁለታችንንም አልቅሰው ጨርሰው ነበር። ትናንት ተመልሼ ሄጄ ሴትዮዋን ፈለግኋት፤ እንደገና ንገሪኝ ብዬ በወረቀት ጻፍኩት፣ እንዳልሳሳትም አንብቤ አሰማኋት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችው፦

«አውቀዋለሁ፣ ፓስካሊስ ይባላል። ቦታውን ከመረጠ በኋላ እሑድ እሑድ እየመጣ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ያስለው ነበር። ማንን ለመጠየቅ ትመጣለህ ብለው፣ ገና ማንም የለኝም አለኝ። አንድ ቀን ፓስካሊስ በዚያ ስብርባሪ ጀርመንኛው፣ ‹አንድ ቀን እህቴ ትመጣለች። ብዙ ትጮኽብኛለች። አትደንግጪ፣ ሰውም አትጥሪባት። እስክትጨርስ ተያት፣ ከዚያ እጇን ያዥልኝ› አለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ያለፈች ሴት ሁሉ እሷ ትሆን እያልኩ ስጠብቃት ኖሬያለሁ።»

ስተርዮስ